«ካልጠየቁህ ዝም በል» ያልኩ ቀን



የዛሬው የጁሙዓ ወጋችን ስለ ናፍጣ ነው። አትሳቁ፤ እኔንም ያላሰብኩት ቦታ ነው የወሰደኝ።

ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ የሚመላለስ አንድ ወንድም አለ። የጭነት መኪናው ባለቤትም ሹፌርም ራሱ ነው። መኪናዋን የገዛት ከወለድ ነፃ በሆነ የባንክ አገልግሎት፣ በሙራበሓ ነው፤ በየወሩ የሚከፍለው አለ። ስሙን ሳልጠራ ታሪኩን እንድነግራችሁ ፈቅዶልኛል። አንድ ቀን ሽንኩርት ጭኖ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ዳገቱን ሲወጣ መኪናዋ ጉልበት አጣች። ቢጫ መብራት በራ፣ ነጭ ጭስ ወጣ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ ታች ቢረግጠውም እንደ አህያ መራመድ ሆነ። ሽንኩርቱን ሌላ መኪና ላይ አዛውሮ የራሱን አስጎተተና አዲስ አበባ፣ የሸጠለት ድርጅት ጋራዥ አስገባ። ዋስትናው ገና አላለቀማ!

በማግስቱ ፕሮፎርማውን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ፖምፓ፣ ኖዝሎች በሙሉ፣ የግፊት ቱቦዎች፣ አዲስ የነዳጅ ታንክ፣ የእጅ ዋጋ። ድምሩ ከስድስት መቶ ሺህ ብር ያልፋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ከተተወ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ የት እንደደረሰ፣ መኪና ያለበት ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ዋስትናው ከሸፈነለት ምንም አይከፍልም። ካልሸፈነለት ግን የወራት ገቢው ነው፤ የባንኩ ክፍያ ደግሞ አይጠብቅም።

ከዙህር በፊት ደወለልኝ። «ኡስታዝ፣ ፎርም ሊያስሞሉኝ ነው። ነዳጁን በተመለከተ ምን ልበል?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚያ ጉዞ በፊት ማደያው ሰልፍ ላይ ሁለት ቀን ተገትሮ ነበር። ሽንኩርት ሁለት ቀን አይቆምም። ስለዚህ መንገድ ዳር ከሚሸጡ ልጆች በጄሪካን የተቀዳ ናፍጣ ገዛ። ምን እንደተቀላቀለበት የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። ዋስትናው ደግሞ የፋብሪካ ጉድለትን እንጂ በተበላሸ ነዳጅ የመጣ ጉዳትን አይሸፍንም፤ የአብዛኛው መኪና ዋስትና እንዲህ ነው።

እኔም መለስኩለት፦ «አትዋሽ። ካልጠየቁህ ግን ዝም በል።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መልሴን ወደድኩት። ልጁን ከውሸት ጠበቅኩት፣ ገንዘቡንም አተረፍኩለት መስሎኝ ነበር። ዙህርን ሰገድኩ። ሰላምታ አውጥቼ ገና እንደተቀመጥኩ ግን አንድ የእህል ክምር ፊቴ ላይ መጣ።

ሐዲሱን ታውቁታላችሁ፤ ኢማም ሙስሊም ዘግበውታል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ በእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ፤ ጣቶቻቸው እርጥበት አገኙ። ባለቤቱን ሲጠይቁት ዝናብ እንዳገኘው ነገራቸው። ታዲያ ሰዎች እንዲያዩት ለምን ከላይ አላደረግከውም አሉት፤ የሚያታልል ሰውም ከሳቸው ወገን እንዳልሆነ ተናገሩ።

ይህን ሐዲስ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! ያ ሰውዬ ግን ምንም እንዳልዋሸ አስተውዬ አላውቅም ነበር። ሲጠየቅ ወዲያው እውነቱን ነው የተናገረው። ከዚያ በፊት ማንም አልጠየቀውም። «ካልጠየቁህ ዝም በል» የሚለውን የኔን ፈትዋ በደንብ የሠራበት ሰው እሱ ነበር።

ስልኬን አንስቼ ደወልኩ። አይነሳም። ጋራዥ ውስጥ ነው። ያቺን አንድ ሰዓት አልረሳትም፤ ሰው በኔ ቃል ሐራም ነገር ላይ ሊፈርም ነው ብዬ ላብ አጠመቀኝ። ዐስር ሊደርስ ሲል አነሳ። ፎርሙን ገና አልሞላም ነበር፣ አልሐምዱሊላህ። «የነገርኩህ ስህተት ነው» አልኩት። ዝም አለ። ቀጥሎ ያለኝን ግን ከሁላችሁም አፍ የምሰማው ስለሆነ ልቆይበት።

«ኡስታዝ፣ እነሱ እኮ እያታለሉኝ ነው። የተበላሸው ፖምፓው ነው፤ ኖዝሎቹን ሁሉ ለምን ይቀይራሉ? እኔስ ለምን እውነት እነግራቸዋለሁ?»

ሚዛናዊ ጥያቄ ይመስላል። ወንድሜ፣ እህቴ፣ አንቺም ስልክሽን ለጠጋኝ ስትሰጪ፣ አንተም ላፕቶፕህን አስከፍተህ ስትቆም ይህ ስሜት ያውቅሃል። ሰውዬው የሚያውቀውን አታውቅም። «ቦርዱ ተቃጥሏል» ቢልህ ቦርድ ምን እንደሆነ አታውቅም። ዲናችን የተበደለ ሰው መብቱን እንዳያስከብር አልከለከለም። የአቡ ሱፍያን ባለቤት ሂንድ፣ ባለቤቷ ለሷና ለልጆቿ የሚበቃ እንደማይሰጣት ስትናገር፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአግባቡ የሚበቃትን እንድትወስድ ፈቅደውላታል። ግን የሂንድ መብት የታወቀና የተረጋገጠ ነው። የኛ ወንድም የያዘው ጥርጣሬን ነው። በጥርጣሬ ላይ ተመሥርቶ የሰው ገንዘብ አይበላም። ደግሞ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያመነንን ሰው አማናውን እንድንመልስ፣ የከዳንን ሰውም መልሰን እንዳንከዳ አስተምረውናል።

ቅዳሜ ጠዋት አብሬው ጋራዡ ሄድኩ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት መካኒካል ኢንጂነሪንግ ነው፤ ስለ ናፍጣ ሞተር ፈተና ላይ ጥሩ ነጥብ አምጥቻለሁ። የተበላ ፖምፓ በእጄ የያዝኩት ግን ያን ቀን ነው። መድረሳ ብዙ ያስተምራል፣ ዩኒቨርሲቲም ያስተምራል፣ ጋራዥም እንደዚሁ!

መካኒኩ፣ በሰላሳዎቹ ያለ ዝምተኛ ሰው፣ አሮጌውን ፊልትሮ ቆርጦ ከፈተው። በውስጡ የነበረውን ናፍጣ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ገልብጦ አስቀመጠው። ትንሽ ቆይቶ ውሃው ከሥር፣ ናፍጣው ከላይ ሆኖ ተለያየ። ከዚያ ማግኔት አስጠጋ፤ ጥቁር የሚያብረቀርቅ ዱቄት ተጣበቀበት። ብረት ነው።

ያስረዳንን በአጭሩ ልንገራችሁ። የአሁኑ ናፍጣ ሞተር ፖምፓ ነዳጁን ከ1600 ባር በላይ በሆነ ግፊት ይገፋዋል፤ በአንዳንዱ 2000 ባርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። የቤት መኪና ጎማ ውስጥ ያለው አየር 2 ባር ከምናምን ነው። ይህን ግፊት የሚሸከሙት የፖምፓና የኖዝል ክፍሎች እርስ በርስ የሚቀራረቡት በጥቂት ማይክሮን ክፍተት ነው፤ አንድ የፀጉር ዘለላ ወደ 70 ማይክሮን ገደማ ይወፍራል። በብዙዎቹ ሞዴሎች ደግሞ ፖምፓውን የሚያለሰልሰው ራሱ ናፍጣው ነው። ውሃ ከገባበት ወይም በላምባ ከቀጠነ ብረት ከብረት ይፋጫል። የተፋቀው ብረት በቱቦው ወደ ኖዝሎቹ ይሄዳል፤ ከዚያ በመመለሻው ወደ ታንኩ ይገባል። ፖምፓውን ብቻ ብትቀይር ከታንኩ የሚመጣው ዱቄት አዲሱንም ይበላዋል።

ስለዚህ በኖዝሎቹ ጉዳይ አላታለሉንም ነበር። በልባችን ሌባ ያልነው ሰው እውነት ተናግሮ ነበር። ይህን ስንሰማ ሁለታችንም መሬት መሬት አየን።

ግን ነገሩ በዚህ አላለቀም። «ታንኩስ ለምን አዲስ ይሆናል? ወርዶ በደንብ ቢታጠብ አይበቃም?» ብዬ ጠየቅሁ። መካኒኩ ወደ ቢሮው አየ። ፕሮፎርማውን ያዘጋጀው ሰው መጣና፣ ያው መታጠብ ይችላል፣ የተለመደ ስለሆነ ነው የጻፍነው አለ። ሰረዘው። ብዙ ሺህ ብር በአንድ የእስክሪብቶ ጭረት ሄደ። ባንጠይቅ ኖሮስ? እሱም አልዋሸንም እኮ፤ አልጠየቅነውም ብቻ። እኔ በስልክ የሰጠሁትን ፈትዋ ቢሮ ውስጥ ሆኖ እየሠራበት ነበር።

የኛ ዑለማዎች ይህን ነገር ከጥንት ጀምሮ ተጨንቀውበታል። ልብስ ለሰፊ፣ ቆዳ ለፋቂ ሰጥተህ ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ ተጠያቂው ማነው? የእጅ ሠራተኛ አማና ተቀባይ ነው፤ አማና ተቀባይ ደግሞ ካላጠፋ በቀር አይከፍልም። ይህ መሠረቱ ነው። ነገር ግን ከዐሊይ (ረ.ዐ) እንደተዘገበው የእጅ ሠራተኞችን ያስከፍሉ ነበር፤ ያለዚያ የሰዎች ጉዳይ አይስተካከልም በሚል ምክንያት። ባለንብረቱ ሱቁ ውስጥ የለም፣ ምስክር የለውም። የማሊኪያ መዝሀብ ይህን መንገድ ያዘ። ስለ ኢማሙ ሻፊዒይ ደግሞ ተማሪያቸው ረቢዕ የሚያወራው አለ፤ ኢማሙ ሠራተኛው ተጠያቂ አይደለም የሚል አቋም ነበራቸው፣ ነገር ግን መጥፎ ሠራተኞች እንዳይጠቀሙበት ሰግተው በይፋ አያወጡትም ነበር። እኔ እዚህ ቦታ ሁሌም ቆም እላለሁ። ታላቁ ኢማም ቃላቸው የማን ጆሮ እንደሚደርስ ያስቡ ነበር። እኔ ደግሞ በሁለት ደቂቃ ስልክ...

የሞተር ክዳን ከተከፈተ በኋላ መካኒኩ ብቻውን ነው። ያየውን የሚያውቀው እሱና አላህ ናቸው። ይህን ሁላችንም እንናገራለን፣ እንራገማለንም። መንገድ ዳር ጄሪካኑ ሲገለበጥ ግን ብቻውን የነበረው ማን ነው? እዚያ የሚያውቀው ሹፌሩ ነው፤ የማያውቀው ድርጅቱ ነው። አንዱ ጋ የሌላው ዓይን የማይደርስበት እውቀት አለ፣ ሌላውም ጋ እንደዚያው። እኛ አማና የምንለው የሌላውን ድርሻ ብቻ ሆኖብናል።

ጀሪር ኢብኑ ዐብዲላህን (ረ.ዐ) አስታውሱ። ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለሙስሊም ሁሉ ቅን ለመሆን ቃል የገቡ ሰሓባ ናቸው። ጠበራኒይ እንደዘገቡት ፈረስ በ300 ዲርሃም ተገዛላቸው። ፈረሱን ሲያዩት ከዚያ በላይ እንደሚያወጣ አወቁ፤ ሻጩ ዘንድ ሄደው ዋጋውን በራሳቸው ላይ እየጨመሩ 800 አደረሱት። ሻጩ አልጠየቃቸውም።

ወንድማችን ፎርሙን ሞላ። ነዳጁ ከጄሪካን መሆኑንም ጻፈ። ዋስትናው ውድቅ ሆነ። ድርጅቱ በእውነተኛነቱ ተደንቆ ቅናሽ አደረገለት ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባላችሁ፤ አላደረገም። በሁለት ጊዜ እንዲከፍል ብቻ ተስማሙ። ጋራዡ በር ላይ የቆመ አንድ ደላላም ነበር፦ «መብራቱን በኮምፒውተር እናጥፋውና ለሩቅ አገር ሰው ሽጣት፤ እስኪደርስባት ድረስ ትሄዳለች» አለው። ልጁ ምንም አልመለሰለትም። በኋላ መኪና ውስጥ ሆነን «እሺ ልለው ነበር» አለኝ። አምንሃለሁ አልኩት። ስድስት መቶ ሺህ ብር ያለበት ሰው ላይ መፍረድ ቀላል የሚሆነው ለሌለበት ሰው ነው።

ገንዘቡን ግማሹን ከመስጂዳችን ወንድሞች በብድር አገኘ፤ ያለ ወለድ፣ ሲያገኝ ሊመልስ። የባንኩን የሁለት ወር ክፍያ አሳልፏል፤ ሄዶ አነጋግሯቸዋል። ገና ዕዳ ላይ ነው፤ ዱዓ አድርጉለት።

መኪናዋ መንገድ ላይ ናት። ባለፈው ሳምንት ስታልፍ አየኋትና ጋቢና ገባሁ። ከመሪው አጠገብ ክዳን ያለው የማር ብልቃጥ አስቀምጧል። ከማደያም ቢሆን ሲቀዳ ትንሽ ይወስድና እዚያ ውስጥ አስቀምጦ ይጠብቃል፤ ከሥር ውሃ ከታየ አይንቀሳቀስም። ፊልትሮው ሥር ያለውን የውሃ ማውጫ ብሎንም በየጊዜው ራሱ ይፈታል። ለሰው ሲያበድርም ብልቃጡን «ኡስታዝ» እያለ ነው የሚጠራው።

ጁሙዓ ሙባረክ።