ጓዳዬን ላድስ ማንን ላስፈቅድ?

ቤቱ የራሴ፣ ግድግዳው የራሴ፣ ገንዘቡም የራሴ ነው። ጓዳዬ ውስጥ ያለውን መታጠቢያ ሴራሚክ ላለብስ፣ ጓሮ ያለውን የጉድጓድ ሽንት ቤት ትቼ ቤት ውስጥ መቀመጫ ያለው ላስገባ ብነሳ ማዘጋጃ ቤትን ምን አገባው? ይህን ጥያቄ ቢቸና ላይም ሞጣ ላይም ግንበኛ የጠራ ሰው ሁሉ ይጠይቀዋል። ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው በንዴት ስለሆነ መልስ የሚፈልግ አይመስልም። እኔ ግን የምር መልስ ይገባዋል እላለሁ። ምክንያቱም ከሥሩ ሌላ ጥያቄ አለ፦ «የኔ» የምንለው ነገር የት ላይ ነው የሚያበቃው?

በሕጉ እንጀምር። በ2001 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ግንባታ ሲል አዲስ ቤት መሥራትን ብቻ አልነበረም፤ ያለውን ቤት ማሻሻልንና አገልግሎቱን መለወጥንም ይጨምር ነበር። አዋጁ የወጣው 10 ሺህና ከዚያ በላይ ነዋሪ ላላቸው ከተሞች ነው፤ ሁለቱም ከተሞቻችን ይህን ቁጥር ካለፉ ቆይተዋል። ሕንፃዎችን «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ብሎ ይመድብ ነበር፤ አብዛኛው የኛ መኖሪያ ቤት ቀላሉ ምድብ «ሀ» ውስጥ ይገባ ነበር። ፈቃድ የሚሰጠውን ባለሥልጣን «የሕንፃ ሹም» ይለው ነበር። እንግዲህ ዕቃ ቤት የነበረውን ክፍል መታጠቢያ ማድረግ፣ ግድግዳ በስቶ የፍሳሽ ቧንቧ ማውጣት በዚህ ዓይን ሲታይ ግንባታ ነው። ባለቤቱ ካርታውንና ፕላኑን ይዞ መሄድ አለበት።

ሕጉ ይህን ይላል ማለት ግን ተገቢ ነው ማለት አይደለም። ሕግ ስለሆነ ብቻ የሚታዘዝ ሰው፣ የሚቆጣጠር ሲጠፋ መታዘዙን ያቆማል። ስለዚህ ምክንያቱን እንፈልግ።

ሞጣ ያለችበት የሁለት እጁ እነሴ አካባቢ በሽንት ቤት ጉዳይ የሚጠቀስ ታሪክ አለው። በ1996 እና በ1997 ዓ.ም ገደማ ትራኮማን ለመከላከል በተደረገ ቅስቀሳ በሺዎች የሚቆጠሩ የገበሬ ቤተሰቦች በራሳቸው ጉልበት፣ አካባቢው ላይ በሚገኝ እንጨት፣ ጭቃና ሣር ሽንት ቤት ሠርተዋል። ትራኮማን የሚያዛምተው ዝንብ የሚራባው ሜዳ ላይ በተጣለ ዓይነ ምድር ላይ ነውና ጉድጓዱ የዓይን መድኃኒት ነበር። ለሴቶች ደግሞ ጨለማ እስኪመጣ ሽንትን አፍኖ ከመዋል መገላገያ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ሲቆፍር ፕላን አላሠራም፣ ማህተም አላስመታም። ጥፋት ሠራ የሚለው ግን የለም፤ እንዲያውም ሊመሰገን ይገባዋል።

ታዲያ ገጠር ላይ ያለ ፈቃድ መቆፈር ምስጋና ካስገኘ ከተማ ላይ ለምን ጥፋት ይሆናል? እኔ ያገኘሁት መልስ አንድ ነው፦ ርቀት። የገበሬው ጉድጓድ ከጎረቤቱ ምንጭ ብዙ ርምጃ ይርቃል። በመሀል ማሳ አለ፣ አጥር አለ፣ የግጦሽ መሬት አለ። የሕንፃ ሹም የሚሠራውን ሥራ እዚያ ርቀቱ ሠርቶታል። ከተማ ላይ ግን የአንዱ ጓሮ የሌላው ጓዳ ጀርባ ነው። የጤና ባለሙያዎች የሽንት ቤት ጉድጓድ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ ብለው ይመክራሉ። 200 ካሬ ሜትር ቦታ ያለው ሰው ይህን ያህል ርቀት ከየት ያመጣል? ግቢው ራሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 20 ሜትር ላይሞላ ይችላል። ርቀቱ ሲያልቅ እርሱ ይሠራው የነበረውን ሌላ ነገር መሥራት አለበት። ፈቃድ የሚባለው ነገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

«እኔ የማድሰው ውስጡን ነው፣ ጉድጓዱን አልነካም» የሚል ይኖራል። ግን ምን እንደሚሆን እንመልከት። የጓሮው ደረቅ ጉድጓድ የሚቀበለው ውሃ ጥቂት ነው። የውሃ መልቀቂያ ያለው መቀመጫ ግን አንድ ጊዜ ሲለቀቅ በተለምዶ ከ6 እስከ 9 ሊትር ያወርዳል። አምስት ሰው ያለበት ቤት፣ እያንዳንዱ በቀን አራት ጊዜ ቢጠቀም፣ ቢያንስ 120 ሊትር ነው፤ ሻወሩና ልብስ ማጠቢያው ሳይጨመር። ይህ ሁሉ ውሃ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። የእነማይ መሬት ደግሞ ጤፍ በማብቀል የታወቀው ጥቁር ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ ከጠገበ ውሃ አያሳልፍም፤ ያልተገነባ ጉድጓድ ግድግዳውም ይናዳል። ስለዚህ ሴራሚኩ ውስጥ ይቀራል እንጂ ውሃው አይቀርም። ሐምሌ ላይ በጎረቤት አጥር ሥር ብቅ ይላል።

ይህ ድህነት ያመጣብን የኛ ችግር ብቻ እንዳይመስለን፣ የለንደንን ነገር እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1854 ብሮድ ስትሪት በሚባል ሰፈር ኮሌራ ገብቶ ከ600 በላይ ሰው ጨረሰ። ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም መነሻው የሰፈሩ የውሃ ፓምፕ መሆኑን አመለከተ። ኋላ ነገሩ ሲጣራ፣ ከፓምፑ አጠገብ ባለ ቤት ሥር የነበረ የቆሻሻ ጉድጓድ ጡቡ ተበልቶ ወደ ውሃው ጉድጓድ ይሰርግ እንደነበር ታወቀ። በመካከላቸው አንድ ሜትር እንኳ አልነበረም። እዚያ ቤት ውስጥ የታመመ ሕፃን ነበረ፤ እናቱ ጨርቁን ያጠበችበትን ውሃ የደፋችው እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ክፋት አልሠራችም። ልጇን ያስታመመች እናት ናት። የሰፈሩን ሰው የጨረሰው በገዛ ቤቷ ውስጥ፣ በገዛ ጉድጓዷ የሆነ ነገር ነበር።

የኛም አባቶች ይህን ሐሳብ አያውቁትም ማለት አይቻልም። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ሰገነቱን እንዲከልል ያዛል፤ ሰው ከዚያ ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን። ትእዛዙ የተሰጠው ለባለቤቱ ነው። ሰገነቱ የራሱ መሆኑን አይክደውም፤ የሚወድቀው ሰው ግን የርሱ አይደለም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ባለሀብት በንብረቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን በጭስ፣ በመጥፎ ሽታ፣ በጩኸት ከልክ በላይ እንዳያስቸግር ይከለክላል። የሕንፃ ሹም የሚባል ሹመት ሳይመጣ በፊትም «የኔ» የሚለው ቃል ወሰን ነበረው።

እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ይረዳናል። ፈቃድ ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው። አንዱ ማህተም ያለበት ወረቀት ነው። ሁለተኛውና የቀደመው የሰው ልብ መውደድ ነው፤ «በፈቃዴ ነው ያደረግሁት» ስንል፣ «ፈቃዱ ይሁን» ስንል። እኔ እንደሚመስለኝ የመጀመሪያው ፈቃድ የሁለተኛው ወኪል ነው። ጉድጓድ ስቆፍር ፈቃዱን መጠየቅ የሚገባኝ ከግድግዳው ማዶ ያለው ሰው ነው። ግን ጎረቤቴ ስለ ፍሳሽ ላያውቅ ይችላል፤ ሊያፍረኝ ይችላል፤ ተጣልተን ከሆነ ያለ ምክንያት ሊከለክለኝ ይችላል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚመጣው ጎረቤት ደግሞ ዛሬ የለም። ስለዚህ የሚያውቅ፣ የማያዳላና ለሚመጣውም ጭምር የሚያስብ ሰው በነርሱ ቦታ እንዲቀመጥ አደረግን። ማዘጋጃ ቤት ያገባዋል የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ከተቀበልን ግን ጣታችን ወደ ቢሮውም መዞሩ አይቀርም። የጎረቤት ወኪል ከሆነ ማየት ያለበት ጎረቤትን የሚነካውን ነው። ጉድጓዱ የት ነው? ግድግዳው ተገንብቷል ወይ? ውሃው ወዴት ይሄዳል? መጥቶ ሳያይ፣ ፋይሉ መሟላቱን ብቻ ቆጥሮ ማህተም የሚመታ ሹም ወረቀት ሰጥቷል እንጂ ፈቃድ አልሰጠም። የሴራሚኩ ቀለም ግን አያገባውም።

ጉቦውም ግልጽ የሚሆነው እንዲህ ሲታይ ነው። «ለሻይ» ብሎ አንድ ነገር ጣል አድርጎ ፈቃድ ያወጣ ሰው ሰውየውን ከፍያለሁና ጨርሻለሁ ይላል። ነገር ግን ከእረኛ በግ የገዛ ሰው በጉ የርሱ አይሆንም። እረኛው ጠባቂ ነው እንጂ ባለቤት አይደለም። ሹሙም የሸጠው የራሱን ነገር አይደለም፤ ገንዘቡ ሲቆጠር እዚያ ያልነበረችውን፣ ከአጥሩ ማዶ ልጆቿን የምታጥበውን ሴት ጤና ነው።

አሁን ከባዱ ጋ ደረስን። አንድ ቤት እናስብ። እናት አርጅተዋል፣ ጉልበታቸው አይታጠፍም። ጓሮ ወጥቶ ቁጢጥ ማለት አቅቷቸዋል፤ ክረምት ሲሆን ጭቃው ያንሸራትታል። ልጃቸው ቤት ውስጥ መቀመጫ ያለው ሊያስገባላቸው ገንዘብ አጠራቅሟል። ማመልከቻውን አስገብቷል። «ባለሙያው መስክ ወጥቷል»፣ «ነገ ና»፣ «ሲስተም የለም» እየተባለ ወር አለፈ። እናት ውሃ መጠጣት ቀንሰዋል፤ ብዙ ላለመውጣት። ይህ ልጅ ሌሊት ግንበኛ ጠርቶ ቢያሠራ አጠፋ?

አንዳንዱ ሕግ ሕግ ነው ይላል፤ ሌላው ቢሮው ካላከበረኝ አላከብረውም ይላል። ሁለቱም ያልቸኮለ መልስ አይመስሉኝም። ማዘግየትን እንደ ባዶ ጊዜ መቁጠር ልማድ ሆኖብናል፤ አልከለከልንም፣ ገና ነው ይባላል። ለኒያ እናት ግን «ገና ነው» ማለት ክልከላ ነው፤ ለዚያውም ይግባኝ የሌለው። «አይሆንም» የተባለ ሰው ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቆ ወደ በላይ አካል ሊሄድ ይችላል። «ነገ ና» የተባለ ሰው ምን ይዞ ይሄዳል? ስለዚህ ጥፋቱ የሚጀምረው ልጁ ግንበኛ ሲጠራ አይደለም፣ ቢሮው ዝም ሲል ነው።

ይሁን እንጂ የቢሮው ጥፋት የልጁን ዕዳ አያወርድለትም፤ ዕዳው ለቢሮው አልነበረምና። ወኪሉ ሥራውን ባይሠራ ባለቤቷ አለች። ሄዶ በሯን ያንኳኳ። «እማማ፣ ለእናቴ ሽንት ቤት ላስገባ ነው፣ ጉድጓዱን በዚህ በኩል ላደርገው አስቤያለሁ፣ ምን ይመስልዎታል?» ይበል። የውሃ ጉድጓዷ የት እንደሆነ ይይ። ጉድጓዱን በድንጋይና በሲሚንቶ ያስገንባ፣ የሚያውቅ ሰው ያሳይ፣ ማመልከቻውንም አያንሳ። ይህን ሁሉ አድርጎ የሚሠራ ልጅ ሕጉ ሊቀጣው ይችላል፤ እኔ ግን ሰው በደለ ለማለት አልደፍርም። ሌሊት የሚሠራው ጎረቤት እንዳይሰማ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከቢሮ መደበቅና ከጎረቤት መደበቅ አንድ አይደሉም።

ከዚህም የባሰው ደግሞ ማመልከት እንኳ የማይችለው ነው። ፈቃድ ለማውጣት ይዞታን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ካርታ የሌለው ሰውስ? የቀበሌ ቤት ተከራዩስ? ከ1967 ዓ.ም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወዲህ ብዙ ቤተሰብ የሚኖረው የራሱ ባልሆነ ቤት ውስጥ፣ ከሌሎች ጋር በሚጋራው አንድ ሽንት ቤት ነው። ንጹሕ መጸዳጃ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ሰው ለመጠየቅ እንኳ በር የለውም። እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎች ተደባልቀዋል። አንደኛው «መሬቱ የማን ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ጉድጓዱ ሰው ይጎዳል ወይ?» የሚል ነው። የመጀመሪያው ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ሁለተኛው ግን ባለሙያ ግማሽ ቀን መጥቶ ቢያይ መልስ ያገኛል። ተቅማጥ ከአጥር ሲሻገር ካርታ አይጠይቅም። ሁለቱን ለይቶ፣ ለሁለተኛው ብቻ «ሥራው፣ ግን እንዲህ አድርገህ» የሚል መልስ መስጠት የመሬቱን ክርክር አይፈታም፤ ልጆችን ግን ከሕመም ያድናል።

እንግዲህ ማዘጋጃ ቤትን ምን አገባው? ጎረቤቴን የሚያገባውን ያህል። ከዚያ በላይ ከጠየቀኝ ልከራከረው መብቴ ነው፤ ከዚያ በታች ከሠራ ደግሞ ጎረቤቴ ልትከሰው ይገባታል። የኔም ድርሻ በዚሁ ልክ ነው። ወረቀቱ በእጄ ገባ ማለት ጉዳዬ አለቀ ማለት አይደለም፤ ጉድጓዱ ሲሞላ የማስመጥጠው፣ ሲሰነጠቅ የማስጠግነው እኔው ነኝ። ሹሙ የሚያየው አንድ ቀን ነው፤ ውሃው ግን በየቀኑ ይወርዳል።