ጂኔ የኔ ብቻ ነውን?



እዚህ አሜሪካ ምራቁን በትንሽ ዕቃ አሽጎ በፖስታ የላከ ሰው፣ በእርጅናው በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድሉን የሚጠቁም የጂን ውጤት በሳምንታት ውስጥ ይደርሰዋል። ጉዳዩ በኛም ቤት ተነስቷል። አያታችን ከዘጠና ዓመት በላይ ኖረው፣ በመጨረሻ ልጆቻቸውን እንኳ መለየት ተስኗቸው ነበር። እህቴ መመርመር ትፈልጋለች። እናታችን ግን «አላህ የደበቀውን ለምን ትቆፍራላችሁ?» ትላለች። ማን ትክክል ነው?

በቅድሚያ ምርመራው ምን እንደሚናገር እንወቅ። በዋናነት የሚታየው ጂን አፖኢ ይባላል። የተለመዱት ዓይነቶቹ ሦስት ናቸው፦ ኢ2፣ ኢ3 እና ኢ4። እያንዳንዳችን አንዱን ከእናት፣ አንዱን ከአባት እንወርሳለን። በ1993 የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኢ4 ከአልዛይመር ጋር እንደሚያያዝ አሳዩ። አንድ ኢ4 ያለው ሰው ተጋላጭነቱ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ እንደሚጨምር በብዛት ይነገራል፤ ሁለት ያለው ደግሞ ከዚያም በጣም ይበልጣል።

ኢንጂነር ነኝና ቁጥር ሲሰጠኝ «በማን ላይ ተለካ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ይህ ቁጥር በአብዛኛው የተገኘው ከአውሮፓ ዘር ሰዎች ነው። አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ላይ የኢ4 ጉልበት ደከም ብሎ ታይቷል። ዕድሜም ይለያል፤ ጉልበቱ የሚበረታው በስድሳዎቹና በሰባዎቹ ሲሆን፣ ከዘጠና በኋላ ይቀንሳል። በዚያ ዕድሜ መርሳት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከአንድ ምክንያት አይደለም፤ የደም ሥር ጉዳትና ትናንሽ ስትሮኮችም ይደራረባሉ። ስለዚህ የአያታችን ሕመም ከኢ4 መጣ ብሎ መናገር አይቻልም።

ታዲያ ምርመራው ገይብን መዳፈር ነው? አይመስለኝም። ኢ4 ይዘው ሳይታመሙ የሚኖሩ ብዙ ናቸው፤ ሳይዙ የሚታመሙም አሉ። ነገ ይዘንባል የሚል ትንበያ ገይብን አወቅሁ ማለት እንዳልሆነ ሁሉ፣ ይህም የዕድል ስሌት ነው።

የእናቴ ቃል ክብደቱ ሌላ ቦታ ነው። እህቴ ሁለት ኢ4 ቢገኝባት፣ አንዱ ከእናታችን፣ አንዱ ከአባታችን የመጣ መሆኑ የተረጋገጠ ነው። እናታችን ምራቋን ሳትሰጥ ተመረመረች ማለት ነው! እኔም፣ ልጆቻችንም እንዲሁ በከፊል እንነካለን። «ገላዬ ነው፣ መብቴ ነው» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ያጥርበታል።

አለማወቅን መምረጥም መሃይምነት አይደለም። የዲኤንኤን ቅርጽ ካገኙት አንዱ የሆነው ጄምስ ዋትሰን እንኳ፣ በ2007 ዘረ-መሉ ሲነበብ የዚህ ጂን ውጤት እንዳይገለጽ ጠይቋል።

ቢሆንም እናታችን እህቴን መከልከል የምትችል አይመስለኝም። ማወቅ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ፤ ለምሳሌ አንዳንድ አዳዲስ የአልዛይመር መድኃኒቶች ኢ4 ባላቸው ሰዎች ላይ የአንጎል እብጠትና መድማት የማስከተል ዕድላቸው ስለሚጨምር ሐኪም ጂኑን ሊጠይቅ ይችላል።

ስለዚህ እኔ የደረስኩበት ይህ ነው፦ ውጤቱ አማና ነው። የሚመረመር ሰው አስቀድሞ ቤተሰቡን ያማክር፤ ማወቅ ለማይፈልገው አይንገር፤ በቤተሰብ የዋትስአፕ ግሩፕም አይልቀቅ። ይህንንም ይወቅ፦ የ2008ቱ የአሜሪካ ሕግ የጤና ኢንሹራንስና ቀጣሪ በጂን ምክንያት እንዳያገልሉን ቢከለክልም፣ የሕይወትና የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ኢንሹራንስን አይሸፍንም።

ከሁሉ በላይ ግን ምራቅ የማይጠይቅ ሥራ አለብን። የላንሴት ኮሚሽን በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ ሊስተካከሉ የሚችሉ 14 መንስኤዎችን ዘርዝሮ፣ 45 በመቶ ያህሉን የመርሳት በሽታ መከላከል ወይም ማዘግየት ሊቻል እንደሚችል ገምቷል። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ ያልታከመ የመስማት ችግርና ብቸኝነት ከነዚህ ውስጥ ናቸው። እናታችንን ለጆሮ ምርመራ መውሰድና በየቀኑ መደወል የማንንም ምስጢር አይነካም።

አእምሮውን የሳተ ሰው ተክሊፍ ይነሳለታል። በዙሪያው ካለነው ግን አይነሳም።

ወላሁ አዕለም።