አንድ ቅጂ፣ አርባ ማሽን

ስርቆት ሲባል ሁላችንም የሚታየን አንድ ሥዕል ነው፤ አንዱ ወሰደ፣ ሌላው ባዶ እጁን ቀረ። በሬ የተሰረቀበት ገበሬ በማግሥቱ አያርስም። የኮምፒዩተር ፕሮግራም ግን እንዲህ አይደለም። አንድ ተማሪ ከጓደኛው ገልብጦ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ቢጭን ጓደኛው ምንም አላጣ፤ ሠሪውም ከሣጥኑ የጎደለበት የለም። ታዲያ ውሉ «በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ይጫን» ሲል ምኑን ነው የሚጠብቀው? ዶርም ውስጥ ስንከራከር አንዱ «ሌብነት ነው» ይላል፣ ሌላው «ማካፈል ነው እንጂ» ይላል፣ ነገሩ እዚያው ይሞታል። ለእኔ ሁለቱም ቃላት አይገጥሙም።

አባቶቻችን መጻሕፍትን በእጅ እየገለበጡ ሲያባዙ ኖረዋል። በብራና መጻሕፍት ላይ የሚገኘውን ግዝት አስታውሱ፤ የሚያወግዘው የሰረቀውን፣ ቀምቶ የወሰደውን፣ የፋቀውን ነው። ስለ ገለበጠው ዝም ይላል። ለነገሩ ያን ጊዜ መገልበጥ ራሱ ድካም ነበር፤ ወራት ሙሉ ጎንበስ ብሎ የጻፈ ሰው ቅጂውን በላቡ አገኘው ያሰኛል። ዛሬ ያ ድካም የለም። ድካሙ የቀረው ፕሮግራሙን በጻፈው ሰው ዘንድ ብቻ ነው፤ ጭቅጭቁም የመጣው ከዚሁ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1976 ገና የሃያ ዓመት ወጣት የነበረው ቢል ጌትስ ለኮምፒዩተር ወዳጆች ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። ካወጡት ጽሑፎች አንዱ የክበብ መጽሔት ነበር፤ እንደዚህችው እንደኛዋ ማለት ነው። አልቴር ለተባለው ኮምፒዩተር እሱና ጓደኞቹ የሠሩትን የቤሲክ ፕሮግራም አብዛኛው ሰው ሳይከፍል ስለሚገለብጠው ነገሩን ሌብነት አለው።

መልስ ከሰጡት ሁሉ እኔን የሚያሳምነኝ ሪቻርድ ስቶልማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ግኑ የተባለውን ሥራ ሲያስታውቅ፣ የወደደውን ፕሮግራም ለሚወዱት ሁሉ ማካፈል ግዴታው መሆኑን ተናገረ። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ እናጨበጭብና የቀረውን ሳንሰማ እንሄዳለን። ቁም ነገሩ ያለው ግን ከቀረው ላይ ነው፤ እንዳያካፍል የሚያስረውን ውል በንጹሕ ኅሊና ሊፈርም እንደማይችል ገለጸ። ፈርሞ አላፈረሰም እኮ! አልፈርምም አለና አዲስ ሥርዓት ከባዶ ሊጽፍ ተቀመጠ። ዛሬ ሊኑክስን የሚጠቀም ሁሉ የዚያ እንቢታ ፍሬ ይደርሰዋል።

እንግዲህ ከፍሎ፣ ተስማምቶ፣ ከዚያ የሚያባዛው ሰው የሰው ዕቃ አልወሰደም፤ ቃሉን ግን አጥፏል። ይህን ሲሰማ «ሌባ ካልሆንኩ ምን ቸገረኝ» ብሎ ቀለል የሚለው አለ። እኛ አገር ግን የሚባለው ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ነው። በዚህ ሚዛን ክሱ ከበደ እንጂ መቼ ቀለለ?

«ቃል? የቱን ቃል?» ይለኛል ተከራካሪዬ፤ እውነቱን ነው። በእንግሊዝኛ የሕግ ቋንቋ የተጻፈ ገጽ በገጽ ላይ ይዘረጋል፤ «እስማማለሁ» የሚለውን ካልነኩ ፕሮግራሙ አይከፈትም። ምን እንደ ተስማማን ዳኞችም ገና አልተስማሙ። አንድ ሰው ያገለገሉ የአውቶካድ ቅጂዎችን በመሸጡ በተነሣ ክርክር፣ አንድ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 የፊተኛው ገዢ ያገኘው ፈቃድ ብቻ ስለሆነ ቅጂው መልሶ ሊሸጥ አይገባም አለ። በ2012 ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በኦራክል ጉዳይ፣ ዋጋው ተከፍሎ ያለ ጊዜ ገደብ የተሰጠ ቅጂ ተሽጧል፤ ገዢውም የራሱን ቅጂ ከጥቅም ውጪ ካደረገ ለሌላ ይሸጠዋል ብሎ ፈረደ። ያልገባንን ነገር ቃል ሰጥታችኋል መባል ይከብዳል።

ሚዛኑን የያዘልኝ አንድ የንግድ ድርጅት መሆኑ ትንሽ ያስቀኛል። ቦርላንድ በ1980ዎቹ እንደ ቱርቦ ፓስካል ያሉ ፕሮግራሞቹን ሲሸጥ፣ ቅጂውን እንደ መጽሐፍ ቁጠሩት ይል ነበር። ስንት ሰው ቢጠቀምበት፣ ከማሽን ወደ ማሽን ቢዘዋወር ግድ የለውም፤ ብቻ አንዱ እዚህ ሲሠራበት ሌላው እዚያ ሊሠራበት አይችል። አንድን መጽሐፍ ሁለት ሰዎች በሁለት ቤት በአንድ ሰዓት አያነቡትማ! ይህ ለልጅም የሚገባ ውል ነው፤ አንብቦ እሺ ያለ ሰው አላወቅሁም ሊል አይችልም። በዚህ ውል ዶርም ሲሠራበት የሰነበተውን ፕሮግራም ለክረምት ቤቱ ወስዶ የሚሠራበት ተማሪ ማንንም አይበድልም።

አንድ ኮሌጅ ግን አንድ ቅጂ ገዝቶ በአርባ ኮምፒዩተር ላይ ቢጭነውስ? አርባ አንባቢ በአንድ ሰዓት ተቀምጧል። ቃሉን የሰጠው ማነው? የፈረመው ግዢ ክፍሉ ነው፤ የጫነው ሠራተኛ ታዝዞ ነው፤ አርባኛው ወንበር ላይ ያለችው ተማሪ «እስማማለሁ» የሚለውን በዓይኗም አላየችው። ፈተናዋ ነገ ነው። እሷን ሌባ የሚላት ቢኖር አልሰማውም። ፈራሚው ግን በጀት የለም ከማለቱ በፊት ሁለት መንገድ ነበረው፤ ወይ ለሠላሳ ዘጠኙም መክፈል፣ ወይ እንደ ስቶልማን አልፈርምም ብሎ ነጻውን ፕሮግራም መጫን።