ያልለመድነው ሁሉ እርም ነውን?



ሰው ከቀረበለት ምግብ ፊቱን የሚያዞረው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው አላህ (ሱ.ወ.) ስለከለከለው ነው፤ ይህ ጥያቄ የለውም። ሁለተኛው ስላልለመደው ብቻ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሁለተኛው የመጀመሪያውን ልብስ ለብሶ ሲቀርብ ነው። «ሥልጆ የኛ ምግብ አይደለም»፣ «የጾም ወጥ ለሙስሊም ምኑ ነው?» የሚሉ ሰዎች አይጠፉም።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ምግብን ነቅፈው እንደማያውቁ፣ ካሰኛቸው እንደሚበሉ፣ ካላሰኛቸውም እንደሚተዉት አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል። የበረሃ እንሽላሊት ሲቀርብላቸው በወገኖቻቸው አገር ስለማይገኝ አልበሉትም፤ ሐራም ግን አላሉትም። ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ.) እዚያው ፊታቸው በሉት። እንግዲህ አለመውደድ ኃጢአት አይደለም፤ ማንቋሸሽና አለመውደድን ሕግ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው።

ምላስም ይማራል። አንድ ልብስ ሰፊ ነቢዩን ጋብዞ የገብስ ዳቦ፣ ዱባና የደረቀ ሥጋ የገባበት መረቅ አቀረበ። አነስ (ረ.ዐ.) ነቢዩ ከሳህኑ ዙሪያ ዱባውን እየፈለጉ ሲበሉ አዩ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዱባን ወደዱ።

ይህ ጉዳይ በዋግ ኽምራ፣ በአምደወርቅ ለሚኖር ሙስሊም ቤተሰብ የጣዕም ነገር ብቻ አይደለም። በዚያ ደጋ ጎረቤቱ በአብዛኛው ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነው። በአገራችን ልማድ ሙስሊሙ የክርስቲያኑን እርድ፣ ክርስቲያኑም የሙስሊሙን እርድ አይበላም፤ ስለዚህ በሠርግም በለቅሶም ማዕዱ ይለያል። ሥጋ፣ ቅቤና ወተት በሌለበት ምግብ ላይ ግን የእርድ ጥያቄ አይነሣም።

መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ቀን ተጀመሩ። በዚያ ወር ክርስቲያን ጎረቤቱን ለኢፍጣር የጋበዘ ሰው ሥጋ ያለበት ሾርባ ቢያቀርብ እንግዳው ምን ይበላል? ጎረቤት ሐቅ አለው፤ ይህን ሐቅ ለመወጣት ጓዳው ዕውቀት ያስፈልገዋል። ምስር ተቀቅሎ በሰናፍጭ፣ በቃሪያና በሎሚ ሲለወስ አዚፋ ይሆናል። የሽምብራ ዱቄት ተቦክቶ፣ በዓሣ ቅርጽ ተቆርጦና በዘይት ተጠብሶ ቁሌት ውስጥ ሲገባ የሽምብራ ዓሣ ይባላል። ሱፍ ተወቅጦ በውሃ ሲጠለል ወተት መስሎ ይወርዳል፤ እንጀራም ይፈተፈትበታል።

«ታዲያ ሥጋ እንተው ነው የምትለው?» የሚል ይኖር ይሆናል። አይደለም። በ1944 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ከእንስሳት የሚገኝን ምግብ ሁሉ የተዉ ሰዎች ማኅበር አቋቁመው ራሳቸውን «ቪጋን» ብለዋል። እኛ ግን አላህ የፈቀደልንን መልካም ነገር በራሳችን ላይ እርም እንዳናደርግ በቁርኣን ተከልክለናል። ይሁን እንጂ ክልከላው ለሥጋ ብቻ የወረደ አይደለም። ሥጋን እርም ማድረግ ስሕተት ከሆነ፣ ሐላል የሆነውን ሥልጆና ተልባ «የእነእገሌ ነው» ብሎ እርም ማድረግስ ምን ሊባል ነው?

ነገሩ ልጆቻችንንም ይነካል። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስወገድ የገባው ቃል በዚሁ ዞን ዋና ከተማ ስም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ይባላል። መቀንጨር ከምግብ ማነስ ብቻ ሳይሆን ከምግብ ዓይነት ማነስም ይመጣል። ወተትና እንቁላል ሲገኝ ለሕፃን አይነፈግም፤ ነገር ግን ከጎመኑም፣ ከምስሩም፣ ከዱባውም መቅመስን ከልጅነቱ ይልመድ። ልጅ ደግሞ ምክር ከመስማቱ በፊት የወላጁን ፊት ያያል፤ አባት አፍንጫውን የያዘበትን ሳህን ልጁ አይነካውም።

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፣ ማዕድ ላይ «አልበላም» ከማለታችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ፦ ይህን የከለከለኝ አላህ ነው ወይስ ልማዴ? ልማዳችን ከሆነ፣ በቢስሚላህ አንድ ጉርሻ እንቅመስ። ካልጣመን በጨዋ ደንብ እንተወው፤ ከጣመን ግን ያላወቅነው አንድ ጸጋ ተገኘ ማለት ነውና አል-ሐምዱ ሊላህ እንበል።