ያልተፈጸመ ፍርድ

ዳኛ ፈረደ፤ ጠመንጃ የያዘው ግን አልሰማም። ታዲያ ፍርዱ ምን ዋጋ አለው?

ጥያቄው ለየካ ሰው ሩቅ አይደለም። በእንጦጦ ግርጌ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ያደጉት ብርቱካን ሚደቅሳ በ1990ዎቹ አጋማሽ ዳኛ ነበሩ። በሙስና ተጠርጥረው የታሰሩት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። አቶ ስዬ ግን ከፍርድ ቤቱ ሳይርቁ እንደገና ተያዙ። የሙስና ተጠርጣሪ ዋስትና እንዳያገኝ የሚከለክል አዋጅም ወጣ። ትእዛዙ በአንድ ጀምበር ወረቀት ሆኖ ቀረ። «ምን አተረፈች?» ያለ ሰው ብዙ ነው።

አሜሪካኖችም ይህን ያውቁታል። ሮጀር ቶኒ በጠበቃነት ጀምሮ በፖለቲካ አድጎ ዋና ዳኛ የሆነ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1861 በወታደር የተያዘ ሜሪማን የሚባል ሰው ፊቱ እንዲቀርብ አዘዘ። የጦር አዛዡ እስረኛውን አላቀርብም አለ፤ ከአዛዡ ጀርባ ደግሞ ራሱ የሕግ ሰው የነበረው ፕሬዚዳንት ሊንከን ነበር። ይኸው ቶኒ ግን በ1857 ጥቁር ሰው የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም ብሎ የፈረደ ነው። ያኛው ፍርድ ተፈጸመ፤ ድሬድ ስኮት የተባለው ባሪያ ነፃነቱን ተነፈገ። እንግዲህ የተፈጸመ ሁሉ ፍትሕ አይደለም፤ ያልተፈጸመም ሁሉ ከንቱ አይደለም።

እኔ የምለው፣ ዳኛ ምን አለው? ሠራዊት የለው፣ ካዝና የለው፤ ያለው ቃሉ ብቻ ነው። አባቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር። «በሕግ አምላክ!» ሲባል መንገደኛው ቀጥ ብሎ ይቆም የነበረው ፖሊስ ፈርቶ እንዳይመስላችሁ። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው፣ በገዛ እግራቸው ዳኛ ፍለጋ ይሄዱ ነበር። ሕጉን ያስከብረው የነበረው የሰሚው ሕሊና ነው። ስለዚህ ፍርድ ሲጣስ የወደቀው ዳኛው ሳይሆን የማይሰማው ነው። ፍርዱ ባይሰጥ ኖሮ ግን ማን ሕግ እንደጣሰ እንኳ አናውቅም ነበር። የዳኛዋ ትርፍ ይኸው ነው።

ብርቱካን ኋላ ፖለቲካ ገቡ። በ1998 ታሰሩ፤ በ1999 ዕድሜ ልክ ተፈርዶባቸው በይቅርታ ወጡ። በ2001 ይቅርታው ተነስቶ እንደገና ገቡ፤ በ2003 ተፈቱ። ከ2011 እስከ 2015 ደግሞ የምርጫ ቦርድን መሩ። በዚህ መሃል አቶ ስዬም እስራታቸውን ጨርሰው ወጥተው፣ እሳቸው ይመሩት ወደነበረው አንድነት ፓርቲ ገቡ።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ያቺን ዳኛ «ጀግና» ብለን ስናወድስ ሳናውቀው ራሳችንን እንከሳለን። ጋጋሪ እንጀራ ስለጋገረች፣ ሾፌር በመንገዱ ስለነዳ ጀግና አንለውም። ዋስትና የሚገባውን በዋስ መልቀቅ የዳኛ የዕለት ሥራ ነው። የዕለት ሥራ ጀግንነት የሚጠይቅበት አገር ጀግና ቢያገኝ ዕድለኛ ነው፤ ጀግና የማይጠይቅ ቢሆን ግን የበለጠ ዕድለኛ በሆነ ነበር።