ሥጋ ሲለምድ ልብ ይከተላልን?

ሰው ራሱን ለመለወጥ አስቀድሞ አሳቡን ማቅናት አለበት ወይስ በየዕለቱ የሚደጋገም ትንሽ ተግባር አሳቡን ውሎ አድሮ ያቀናዋል የሚለው ጥያቄ፣ በዘመኑ የስኬት መጻሕፍትና «አነቃቂ» በሚባሉት ንግግሮች ዘንድ እንደ አዲስ ግኝት ቢቀርብም፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዘንድ ከጥንት ጀምሮ ሲመረመር የኖረ ነው። አነቃቂዎቹ በአብዛኛው አስተሳሰቡን የለወጠ ሕይወቱ ይለወጥለታል እያሉ አእምሮን ያስቀድማሉ፤ የሊቃውንቱ ትምህርት ግን ከሆድ፣ ከጉልበትና ከምላስ ይጀምራል። ይህ አጀማመር በምእመናን ኑሮ ውስጥ ምን መልክ እንዳለው ለማየት በሰሜን ሸዋ ደጋ ያለው የመሐል ሜዳና የዙሪያዋ የመንዝ ምድር ጥሩ ማሳያ ነው፤ የጾም ጥብቅነት የመንዜ መታወቂያ ሆኖ ሲነገር ኖሯልና። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪንም በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» ስለ አማራ ገበሬ ሲጽፍ በመንዝ ተቀምጦ ያየውን አንድ ዋና መሠረቱ አድርጎታል።

ሰባቱ የአዋጅ አጽዋማት፣ ማለትም ቤተ ክርስቲያን ለሁሉም ምእመን በሕግ ያወጀቻቸው ጾሞች፣ የ3 ቀኑን ጾመ ነነዌና የ55 ቀኑን ሁዳዴ የሚጨምሩ ሲሆኑ፣ ረቡዕና ዓርብም ከእነዚሁ ስለሚቆጠሩ የዓመቱ ግማሽ ገደማ በጾም ያልፋል። ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጹ ጾምን ሲተረጉም በታወቀ ጊዜ ከምግብ መከልከል መሆኑን ይገልጽና፣ ከዓላማዎቹ አንዱ የሥጋ ፈቃድ ለነባቢት ነፍስ፣ ማለትም ለምታስበውና ለምትናገረው ነፍስ፣ እንዲታዘዝ ማድረግ መሆኑን ያስረዳል። በዚህ ፍቺ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል የሚታለፈው «በታወቀ ጊዜ» የሚለው ነው፤ ጊዜውን ጿሚው አይመርጠውም፣ ተመርጦ ይቆየዋል እንጂ።

በመሐል ሜዳ ዙሪያ ሁዳዴ የሚውለው የበልግ ገብስ በሚዘራበት ወራት ስለሆነ ጾሙና ብርቱው ሥራ በአንድ ላይ ይመጣሉ። ገበሬው ውርጩ ከመሬት ሳይለቅ ሞፈርና ቀንበሩን ይዞ ይወጣል፤ በባዶ ሆዱ ያርሳል፤ ሰዓት ያላሰረ እንደሆነ የራሱን ጥላ በጫማው እየለካ ዘጠኝ ሰዓት መድረስ አለመድረሱን ያውቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀርብለትም በሶ ወይም የገብስ እንጀራ በሽሮ ነው። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ራሱን እያሻሻለ ነው ብሎ አያስብም፤ ሁዳዴ ስለገባ ይጾማል፣ ነገሩ ከዚህ አያልፍም። የስኬት ጸሐፊዎች እንደ ጉድለት ሊቆጥሩት የሚችሉት ይህ አለማሰብ ግን የልማዱ ጉልበት ነው፤ በየማለዳው «ዛሬስ ልጹም ወይስ ልተው» እያለ ከራሱ ጋር የሚሟገት ሰው ጉልበቱን በሙግቱ ይጨርሳልና።

እንዲህ ሲባል ግን ሊቃውንቱ መደጋገምን ብቻውን በቂ አድርገውታል ማለት አይደለም። መጻሕፍተ መነኮሳት ከሚባሉት ከማር ይስሐቅ፣ ከፊልክስዩስና ከአረጋዊ መንፈሳዊ ጋር ተያይዞ የሚሰጠው ትምህርት የመንፈስን ዕድገት በ3 ደረጃዎችና በ10 መዓርጋት ይከፍለዋል። የመጀመሪያው ደረጃ ንጽሐ ሥጋ፣ ማለትም የሥጋ ንጽሕና፣ ሲሆን በውስጡ ጽማዌ (ዝምታ)፣ ልባዌ (ማስተዋል) እና ጣዕመ ዝማሬ (በአፍ ብቻ ይደገም የነበረው ጸሎት ለልብ ጣዕም ማግኘቱ) በተርታ ይገኛሉ፤ እንባና ፍቅር የሚመጡት በሁለተኛው ደረጃ በንጽሐ ነፍስ ነው፤ ንጽሐ ልቡና ደግሞ ከሁሉ በላይ ነው። የዚህ አቀማመጥ ድፍረት ሊደነቅ ይገባዋል፤ ማንም ሰው ዛሬውኑ ሊጀምረው የሚችለውን አፍን መዝጋትን መግቢያ አድርጎ፣ የዘመኑ ሰው በመጀመሪያው ቀን የሚፈልገውን የልብ ለውጥ ወደ ኋላ ያቆየዋልና። አርስጣጣሊስም «የኒቆማኮስ ሥነ ምግባር» በተባለው መጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል ሰው ጻድቅ የሚሆነው የጽድቅ ሥራ በመሥራት መሆኑን ያስተማረ ሲሆን፣ ልዩነቱ መነኮሳቱ ልማዱን እንደ ዝግጅት ብቻ ቆጥረው ፍጻሜውን የእግዚአብሔር ስጦታ ማድረጋቸው ነው። ከዝምታ ቀጥሎ ማስተዋል መቀመጡም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ማስተዋል ያልተከተለው ልማድ በመጀመሪያው መዓርግ ላይ ቆሞ ይቀራል፣ ሥጋ ሳይበላ ሰው በሐሜት የሚበላ ጿሚም በየመንደሩ የታወቀ ነው።

በዚህ ሥርዓት ላይ የተሰነዘረው ብርቱ ተቃውሞ የሚገኘው በሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ ነው። ድርሰቱ የ17ኛው መቶ ዘመን አክሱማዊ ሊቅ የዘርዓ ያዕቆብ ነው ወይስ የ19ኛው መቶ ዘመን ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ሥራ ነው የሚለው ክርክር ምሁራንን ለሁለት እንደከፈለ አለ፤ ጸሐፊው ማንም ይሁን ማን፣ ፈጣሪ ዛሬ ብሉ ነገ አትብሉ ብሎ አያዝም፣ የጾም ሕግ የሰው ሥራ ነው የሚለው ሙግቱ መልስ ይሻል። መልሱም ጾም የተፈጥሮ ሕግ ነው ለሚል ሰው ይከብደዋል፤ ማሠልጠኛ ነው ለሚል ግን አይከብደውም፣ ሥልጠና በሰው ቢደነገግ ነውር የለበትምና። ደግሞም በዚያው ድርሰት ውስጥ ዘርዓ ያዕቆብ ከተሰደደ በኋላ ሁለት ዓመት በዋሻ ሲቀመጥ መዝሙረ ዳዊትን ይዞ ዕለት ዕለት ይጸልይ እንደነበረ ተጽፏል፤ ልማድን የነቀፈው ልቡና ራሱ በልማድ የተሳለ ነበር ማለት ነው።

ይህ ሥልጠና ግን ለሠልጣኙ ብቻ የሚተው አይደለም፤ የልማዱን መጠን የሚወስነው የነፍስ አባት፣ ማለትም ንስሐ የሚቀበለው ካህን፣ ነው። ቀኖና የሚባለው የንስሐ ሥርዓት እንደ ተነሳሒው አቅም ይሰጣል፤ ለአንዱ በመቁጠሪያ የሚቆጠር 41 ኪርያላይሶን፣ ለሌላው ጥቂት ስግደት ሊሆን ይችላል፣ ካህኑም መፈጸሙን ይጠይቃል።

ከመሐል ሜዳ ብዙ ሳይርቅ የሚገኘው የጓሳ ምድርም ልማድ የሚጸናው ወሳኝና ጠያቂ ሲኖረው መሆኑን በሌላ መንገድ ያሳያል። ለቤት ክዳን የሚያገለግለው የጓሳ ሣር ቄሮ በሚባለው የአካባቢው ሥርዓት ለዓመታት እየተዘጋ በጋራ በተወሰነ ጊዜ ብቻ ይታጨድ ነበር፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ ግን ሥርዓቱ ሲፈርስ አጨዳውና ግጦሹ ልክ አጣ፣ ጥበቃው ዳግም የቆመውም ነዋሪው እንደገና በጋራ መተዳደሪያ ደንብ ሲያወጣለት ነው። የመንዜው ጠባይ በአዋጁ ማግስት አልተለወጠም፤ የጠፋው ቀኑን የሚያውጀውና የሚጠብቀው ነው። ስለዚህ ለራሱ ብቻ ቃል ገብቶ የጀመረውን መልካም ልማድ በወሩ የተወ ሰው ፈቃዱ ደካማ ነው ተብሎ ሊፈረድበት አይገባም፤ ጊዜውን የወሰነለት፣ መፈጸሙንም የጠየቀው አልነበረምና።