ዘሪ ስለ ዘራው ተክል ይጠየቃልን?

  

አንባቢ ሆይ! አላህ ቀናውን መንገድ ይምራህና፥ በዚህ ክፍል የምንመረምረው ሐሺሽ መብላት ወይም ማጨስ የተፈቀደ ነውን? የሚለውን አይደለም። እርሱ ከብዙ ዘመን በፊት የተዘጋ በር ነው። ጥያቄያችን ሌላ ነው። አንድ ሰው በእርሻው መካከል ቆሞ፥ ከራሱ ቁመት እጥፍ የሚሆነውን ተክል በእጁ እየዳበሰ እንዲህ ቢል ምን እንመልስለታለን? «እኔ ከዚህ ተክል አንዲት ቅጠል ቀምሼ አላውቅም። ማንንም አላታለልሁም፤ የማንንም ገንዘብ አልሰረቅሁም። ዘሩን የፈጠረው አላህ ነው፤ ዝናሙን ያወረደውም፥ ያበቀለውም እርሱ ነው። እኔ መሬቱን ቆፈርሁ፥ ውሃ አጠጣሁ፥ በሙያዬም የእኔ ተክል ከጐረቤቶቼ ተክል ሁሉ እንዲበልጥ አደረግሁ። ታዲያ ኃጢአቴ የቱ ላይ ነው?»

ይህን ንግግር አትናቀው። ብዙ መካሪዎች ሲሰሙት ይቆጡና ሳይመልሱለት ያልፋሉ፤ ሰውየውም ረታኋቸው ብሎ ወደ እርሻው ይመለሳል። የንግግሩ ግማሽ ግን እውነት ነው። ጌታችን በሱረቱል ዋቂዓ ሰዎችን ስለሚዘሩት ዘር ሲጠይቃቸው፥ አብቃዩ እርሱ እንጂ እነርሱ አለመሆናቸውን አስረድቷል። ዐረቦች ቂንናብ፥ ፈረንጆችም ካናቢስ የሚሉት ይህ ተክል ራሱ በደል የለበትም። ከልጡ ገመድና ሸራ ይሠራል፤ ከፍሬው ዘይት ይጨመቃል። የጥንት እስላሞች ወረቀት ከሚሠሩባቸው ነገሮች አንዱ ያረጀ የቂንናብ ገመድና ጨርቅ ነበር። የስንቱ ሊቅ መጽሐፍ በዚህ ተክል ገላ ላይ እንደ ተጻፈ አላህ ያውቃል። እንግዲህ የምንመረምረው የአሳዳጊውን እጅ እንጂ ተክሉን አይደለም።

ሥራ ሁሉ በኒያ እንደሚመዘን ታውቃለህ። ኒያ በልብ ውስጥ የተሰወረች ናት፤ በእርሻ ላይ ግን ራሷን ትገልጣለች። ይህን አስተውል። ገመድ የሚፈልግ ገበሬ የቂንናቡን ዘር አጠጋግቶ ይበትናል፤ ተክሎቹም እየተጋፉ ቅርንጫፍ ሳያበዙ ቀጥ ብለው ያድጋሉ፤ ልጣቸውም ረጅም ይሆናል። ዘይት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ወንዴውን ተክል አይነቅልም፤ ወንዴው ከሌለ ሴቴዋ ፍሬ አትይዝምና። አሁን የኛን ሰው ተመልከት። ለአንዲት ተክል ብቻዋን ሰፊ ቦታ ሰጥቷታል። ወደ ጐን እንድትንሰራፋ ጫፏን ቀንጥቧል። ወንዴዎቹን አበባቸው ሳይፈነዳ እየለቀመ ጥሏል። ቀኑ አጥሮ ሌሊቱ ሲረዝም በሴቴዋ አበባ ላይ የሚወጣውን ሙጫ በየማለዳው እየጐበኘ ይጠባበቃል። ይህ ሰው ገመድም ዘይትም አይፈልግም። የሚፈልገው ያንኑ አእምሮን የሚሸፍነውን ሙጫ ነው። በጸደይ ተዘርቶ በመከር የሚያልቀው ተክል በአንድ ወራት ውስጥ ከ3 ሜትር በላይ የሚመዘዘው፥ ቅርንጫፉም እንደ ድንኳን የሚዘረጋው በአጋጣሚ አይደለም፤ በየቀኑ በታሰበበት ሥራ ነው። «እኔ ዘራሁ እንጂ ሌላ አላውቅም» የሚለውን ቃሉን የገዛ እርሻው ይቃወመዋል። የዓለም መንግሥታትም በ1961 በኒው ዮርክ የአደንዛዥ ዕፆችን ስምምነት ሲጽፉ፥ ለልጥና ለፍሬ ብቻ የሚለማውን ቂንናብ ከእገዳው ነጥለው አውጥተውታል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። እነርሱም የለዩት ዘሪው በሚፈልገው ነገር ነው።

ወንድሜ ሆይ! ቡኻሪና ሙስሊም ከአነስ የዘገቡትን የታወቀ ሐዲስ ሰምተሃል። አንድ እስላም ተክል ተክሎ ወይም አዝመራ ዘርቶ፥ ወፍ ወይም ሰው ወይም እንስሳ ቢበላለት፥ ያ ሁሉ ሶደቃ ሆኖ እንደሚጻፍለት ነቢያችን አስተምረዋል። ወፊቱ ስትበላ ገበሬው እቤቱ ተኝቶ ይሆናል፤ የበላውን ሰው ከቶ አያውቀው ይሆናል፤ ሆኖም ይጻፍለታል። እኛ ገበሬዎችና የገበሬ ልጆች ይህን ሐዲስ እንወደዋለን፤ ደስ እያለንም እናወራዋለን። ነገር ግን ሐዲሱ ሁለት ፊት አለው። ያላየው በላተኛ ምንዳ የሚያስገኝለት ከሆነ፥ ያላየው በላተኛ ዕዳ ሊያስከትልበት አይችልምን? ከተራራው ማዶ፥ ከባሕሩ ወዲያ፥ ስሙን በማያውቀው ከተማ አንድ ጐልማሳ አእምሮውን ቢያጣ፥ ሶላቱን ቢተው፥ እናቱን ቢመታ፥ ዘሪው «አላየሁትም» ማለት ይበቃዋልን? ሶደቃውን ሲቈጥር ሩቁን ሁሉ ቈጥሮ፥ ዕዳው ሲመጣ ግን በእርሻው አጥር ላይ ማቆም ፍርድ አይደለም።

ወደ ሊቃውንቱ ቃል እንመለስ። ሐሺሽ ሐራም ስለ መሆኑ አልተለያዩም፤ የተለያዩት በሌላ ነገር ነው። የማሊኪው ሊቅ ሺሃቡዲን አል ቀራፊ (በ1285 ያረፉት) ሐሺሽ አእምሮን የሚያበላሽ እንጂ እንደ ኸምር የሚያሰክር አይደለም ብለው፥ ቅጣቱን ከኸምር ቅጣት ለዩት። ኢብኑ ተይሚያ (በ1328 ያረፉት) ግን ያሰክራል፥ ቅጣቱም የኸምር ቅጣት ነው አሉ። ከሻፊዒዮቹም ኢማም አን ነወዊ ገላው ነጃሳ እንዳልሆነ ገልጸዋል። በድሩዲን አዝ ዘርከሺ (በ1392 ያረፉት) ስለዚሁ ነገር ራሱን የቻለ ድርሳን አዘጋጅተዋል። አንዳንድ ነጋዴ ከዚህ ሁሉ አንዲቱን ቃል ብቻ ይመዝዝና «ነጃሳ ካልሆነ ንግዱ ምን ከለከለው?» ይላል። መርዘኛ ሥርም ነጃሳ አይደለም፤ ታዲያ ለጐረቤትህ በወጥ ውስጥ ጨምረህ ታቀርብለታለህን? ስለ ጫት የምትጠይቀኝ አንባቢም አትጠፋም። ኢብኑ ሐጀር አል ሃይተሚ ከየመን ተጠይቀው ስለ እርሱ ለብቻው መልስ የጻፉለት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ እዚህ አንቀላቅለው።

ይልቅስ ለጥያቄያችን የሚቀርበው የወይን ሻጩ ነገር ነው። ኸምር ለሚጠምቅ ሰው የወይን ጭማቂ መሸጥ ይፈቀዳልን? አቡ ሐኒፋ፥ ኃጢአቱ ጭማቂው ከተለወጠ በኋላ የሚመጣ ነው፤ አሁን ግን ንጹሕ መጠጥ ነው ብለው ሽያጩን ፈቀዱ። ሁለቱ ደቀ መዛሙርታቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ ግን ጠሉት። ሻፊዒዮቹም፥ ሻጩ ገዢው ኸምር እንደሚያደርገው ካወቀ ክልክል ነው፤ ከጠረጠረ ደግሞ የተጠላ ነው አሉ። የሐሺሽ ዘሪ በአቡ ሐኒፋ ቃል መጠጋት ቢፈልግ እንኳ መጠጊያ አያገኝም። ወይን ይበላል፥ ይጠጣል፥ ዘቢብ ይሆናል፤ ሻጩ ከሸጠ በኋላ ገዢው መንገድ ይመርጣል። ያ ሙጫ ግን የሚለወጥበት ጊዜ አይጠብቅም፤ ገበያው የሚሻውን ኃይል ይዞ በተክሉ ላይ ሳለ ይወጣል። መንገዱን የመረጠው ገዢው ሳይሆን ዘሪው ነው።

አሁን ደግሞ ሰውየውን እንየው፤ ከጥላ ሥር ተቀምጦ ገበሬ መርገም ቀላል ነውና። በሞሮኮ ሰሜን የሪፍ ተራሮች አሉ። ምድሩ ገደላም፥ አፈሩ ስስ ነው፤ ገብስ ቢዘሩበት ቤተ ሰብን የሚያጠግብ አይገኝም። በከታማ ዙሪያ ቂንናብ ከጥንት የታወቀ ነው። በ2003 የተባበሩት መንግሥታትና የሞሮኮ መንግሥት በአንድነት ባደረጉት ቆጠራ 134,000 ሔክታር መሬት በዚህ ተክል ተሸፍኖ ተገኘ። ከዚያ ሁሉ ሀብት ትንሹ ድርሻ የገበሬው ነው፤ ትልቁ የአሻጋሪውና የአከፋፋዩ ነው። ገበሬው ግን የእስር ማዘዣ ተጽፎበት፥ ገበያ ለመውጣት፥ የልጁን መታወቂያ ለማውጣት እየፈራ ዕድሜውን ይጨርሳል። በነሐሴ 2024 የሞሮኮ ንጉሥ በዚህ ምክንያት ለተፈረደባቸውና ለሚፈለጉ ከ4,800 ለሚበልጡ ሰዎች ምሕረት አድርገዋል። ቅጣት ብቻውን ይህን ነገር እንደማይነቅለው ታሪክም ይነግረናል። መቅሪዚ እንደ ጻፉት በ1378 ግድም አሚር ሱዱን አሽ ሸይኹኒ በካይሮ የሐሺሹን ተክል አስነቅሎ የሚበሉትን ሰዎች መንጋጋ አስወለቀ፤ ይሁንና መቅሪዚ በሕይወት ሳሉ ሐሺሹ ተመልሶ በአደባባይ ይበላ ነበር።

ድህነት ግን ሁሉን ነገር አይሸፍንም። የሪፍ አባቶች የሚዘሩት የአገሩ ዘር፥ በልዲያ የሚሉት፥ በዝናም የሚያድግ ትንሽ ተክል ነበር። በእኛ ዘመን ግን ከውጭ አገር የመጡ፥ ኸርደላ የሚሏቸው ዘሮች ገቡ። እነዚህ ትልልቆች ናቸው፤ ሙጫቸውም ብዙ ነው፤ ዳሩ ግን ያለ መስኖና ያለ ማዳበሪያ አያድጉም። ገንዘብ ያለው ጕድጓድ አስቆፍሮ በሞተር ይስባል፤ ከበታቹ ያለው ድኻ ምንጩ ይነጥፍበታል። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ሰዎች በሦስት ነገር ሸሪኮች ናቸው፤ አንዱ ውሃ ነው። እንግዲህ «የእኔ ተክል ከጐረቤቶቼ ይበልጣል» ያለውን ሰው አስታውሰው። የበለጠው በምን ጠጥቶ ነው? ከአጫሹ አእምሮ በፊት የጐረቤቱ በለስና የጐረቤቱ ፍየል ተበድለዋል። ይህ ደግሞ የሩቅ በደል አይደለም፤ በመስጊድ ከጐኑ የሚሰለፈው ሰው በደል ነው።

ስለ ኩራቱም ጥቂት ልበል። በሱረቱል ከህፍ የሁለቱን አትክልት ቦታዎች ባለቤት ታሪክ አንብብ። ወይኑ፥ ተምሩ፥ በመካከሉ የሚፈሰው ወንዝ ሁሉ ሐላል ነበር። ያጠፋው አዝመራውን አይቶ ይህ ከቶ አይጠፋም ባለ ጊዜና በባልንጀራው ላይ በኰራ ጊዜ ነው። በሐላል አዝመራ መኵራት ይህን ካመጣ፥ በሐራም አዝመራ ስለሚኰራ ምን ትላለህ? ሆኖም እኔ የሰውየውን ሙያ አልንቅም። አፈር ማወቅ፥ ውሃ መመጠን፥ በሽታን ከቅጠል ቀለም መለየት የአላህ ጸጋ ነው። የሚያሳዝነኝ ልጁ ነው። አባቱ የሚኰራበትን ነገር እያየ ያድጋል፤ ታላቅነት ማለት ያ ነው ብሎ ይማራል። እናቲቱም «እቃው ከቤት ይውጣ፥ ልጆቹ እንዳይነኩት» እያለች በገንዘቡ ዳቦ ትገዛለች። ልጁ ይህን ሁለቱን እንዴት እንደሚያስታርቅ እኔ አላየሁም።

በመድኃኒት መንገድ የሚዘራው ከዚህ ይለያል። የፊቅህ ሊቃውንት የተበላሸ አካል ለመቍረጥ ሲያስፈልግ አእምሮ የሚያፈዝ ነገር መስጠትን ፈቅደዋል። በ2018 በአሜሪካ ከዚሁ ተክል የተወጣና የማያሰክር መድኃኒት፥ ለሕፃናት ከባድ የሚጥል በሽታ እንዲሰጥ ተፈቅዷል። ሞሮኮም በ2021 ባወጣችው ሕግ በአል ሑሰይማ፥ በሸፍሻወንና በታውናት አውራጃዎች ለመድኃኒትና ለእንዱስትሪ የሚያመርቱ ገበሬዎች ፈቃድ እንዲያወጡ አድርጋለች። እዚህ ላይ ገዢው ይታወቃል፥ ሚዛኑ ይታወቃል፥ መንገዱ ይታወቃል። ከፈቃዱ ሽፋን ሥር ለሌላ ገዢ የሚያተርፍ ሰው ግን ሁለት ኃጢአት አለበት፤ አንዱ የአማና መጥፋት ነው።

የቀረው የእናንተ ነገር ነው፤ ነጋዴዎች ሆይ! ቲርሚዚና ኢብኑ ማጃህ በዘገቡት ሐዲስ በኸምር ምክንያት የተረገሙት ዐሥር ናቸው፤ ጠጪው አንዱ ብቻ ሲሆን ጨማቂው፥ ተሸካሚው፥ ሻጩና ዋጋውን የሚበላው ሁሉ ተቈጥረዋል። ይህ ማለት ዶማ የሸጠ ሁሉ ይጠየቃል ማለት አይደለም። በገበያ መካከል የገዢውን ልብ መርምር የሚል ሸሪዓ የለም። ነገር ግን መሬቱን ለዚያ ሥራ ያከራየ፥ የውሃ ሞተሩን ለዚያ እርሻ ያቀረበ፥ ጆንያውን አይቶ መኪናውን ያዋሰ ሰው፥ ዐይኑን ስለ ጨፈነ አላወቅሁም ማለት አይችልም። ከሁሉም የሚከፋው በክረምት ለተራበው ገበሬ ገንዘብ አስቀድሞ የሚሰጥና በመከር ሙጫውን የሚወስድ ነው። እውነተኛው ዘሪ እርሱ ነው፤ ገበሬው እጁን ያከራየው ብቻ ነው። ከዚያ ትርፍም ለሐጅ ስንቅ ይይዛል፥ ዘካ አወጣሁ ይላል፤ አላህ ግን ንጹሕ ነውና ንጹሑን እንጂ አይቀበልም።

አሁን እርሻው በቆመበት፥ ተክሉም ገና ባላበበበት ጊዜ አንድ ሰው ልቡ ተመልሶ «ምን ላድርግ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ይህ ነው። ተክሉን ዛሬ ይንቀል፤ አንድ ጊዜ ልሽጥና ከዚያ በኋላ እተዋለሁ አይበል። ቀድሞ ካገኘው ገንዘብ በእጁ የቀረ ቢኖር፥ ምንዳ ሳይጠብቅ ለድኾች ወይም ለሕዝብ ጥቅም ይስጠው፤ ይህም አል ገዛሊ በኢሕያ የመሩበት መንገድ ነው። ገንዘብ ያስቀደመለት ነጋዴ ግን በሙጫው ላይ ምንም መብት የለውም፤ በሐራም ዕቃ ላይ የተደረገ የሰለም ውል ከመሠረቱ ፈራሽ ነውና። የሚገባው የሰጠው ዋናው ገንዘብ ብቻ ነው፤ ጭማሪ የለውም። ገበሬው ካጣ ደግሞ በሱረቱል በቀራ እንደ ታዘዘው እስኪያገኝ ይታገሠው፤ ገበሬውም ከገብሱና ከወይራው ጥቂት በጥቂት ይክፈለው። አላህም ይበልጥ ያውቃል።